የሴቶቹ ክፍል ፎቶ

መርዋ የካሜራዋን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለች ሳለ የወንድሟ ድምፅ ከበረንዳው መጣ። ዐብዱልከሪም ስልክ ሲያወራ ድምፁን መቀነስ አያውቅም፤ ጨርቅ ሲሸጥ የለመደው ጩኸት ቤት ድረስ ተከትሎት ይገባል። ያን ቀን ጠዋት ግን ዝግ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ የመርዋን ጆሮ የሳበውም ይኸው ነው። «አይስጉ ሐጂ፤ ሰርጉ ሲያልቅ የካሜራዋን ካርድ ከእጇ ተቀብዬ ለሰውአገኝ አስረክበዋለሁ» ይላል። «የወንዶቹንም የሴቶቹንም አስተካክሎ አንድ አልበም ያደርገዋል። እሷማ ምን ትላለች? ገና አልነገርኳትም፤ ብነግራት ነገር ታበዛብኛለች። አዎ፣ ቃሌ ነው ሐጂ።» ከዚያ ሳቀ፤ ነጋዴ ከእሱ ለሚበልጥ ነጋዴ የሚስቀውን ሳቅ።

ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ። ሰውአገኝ ፒያሳ ስቱዲዮ ያለው፣ በጎንደር ብዙ ሰርግ የሚያነሳ ሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ አንድ ሁለቴ ስትጠይቀው ስለ ካሜራ ቁጭ ብሎ ያስረዳትም እሱ ነበር። ግን ወንድ ነው። የዛሬዋ ሙሽራ ዙሌይካ የአጎታቸው ልጅ ናት፤ መርዋም ለሰርጉ የተጠራችው ወንድ ፎቶ አንሺ በማይገባበት ክፍል ስለምትገባ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ፀጉራቸውን ይለቃሉ፣ ይጨፍራሉ። ከጥቂት ቀን በፊት ዙሌይካ እጇን ይዛ «ፎቶውን ከባሌ በቀር የወንድ ዓይን አያየውም አይደል?» ስትላት መርዋ «አላህ ምስክሬ ነው» ብላታለች። ካርዱ ሰውአገኝ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ ማለት ሠራተኞቹም፣ አልበም ሊያሳትም የሚገባ የሚወጣውም አየው ማለት ነው።

ሐጂ ዐብደላ የሙሽራው አባት ናቸው። ጨርቅ በጅምላ ያስመጣሉ፤ ዐብዱልከሪም ሱቁን የሚሞላው ከእሳቸው መጋዘን ነው። በመርዋ ላይ ደግሞ የቆየ ቅሬታ አላቸው። ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ የሴቶቹን ክፍል ያነሳችው እሷ ነበረች። ዐብዱልከሪም ካሜራውን ከገዛላት ገና ብዙ አልቆየም ነበርና ቁልፎቹን እንኳ በቅጡ አታውቃቸውም። ፎቶዎቹ ሲታተሙ የሙሽራዋ ፊት ጭጋግ ውስጥ የቆመ መሰለ፤ ጥርት ብሎ የወጣው ከኋላዋ የተሰቀለው መጋረጃ ነው። ሐጂ አንዱን ፎቶ ወደ ብርሃን አዙረው ትንሽ ካዩት በኋላ «ይህን ነው ለልጅ ልጅ የምናሳየው?» ብለው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። ዐብዱልከሪም አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አላናገራትም።

ከዚያ ወዲህ ነው መርዋ የተማረችው። ካሜራው ለጀማሪ የሚሸጥ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሌንሶች፣ አንድ አጭር አንድ ረጅም፣ በዚያው ካርቶን አብረውት መጥተዋል። የጠየቀችው ሰው ሁሉ «ሌንሱን ካልቀየርሽ አይሆንም» ይላታል፤ የሌንሱን ዋጋ ስትሰማ ግን ካሜራውን ከነሌንሶቹ ደግማ ብትገዛ ይቀላታል። ስለዚህ መስኮቱ ጠርዝ ላይ የሻይ ቅጠል ፓኬት እያስቀመጠች፣ በላዩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ደጋግማ እያነሳች ወራት አሳለፈች። ሌንሱን ከጭረት ይጠብቅልኛል ብላ የገጠመችው ርካሽ መስታወት ራሱ ፎቶውን ያደበዝዝ እንደነበር ደረሰችበት፤ ፈታ ጣለችው። አጭሩ ሌንስ እስከ ጫፉ ሲሳብ ይለግማል፣ መሃሉ ላይ ግን ሸጋ ነው። ካሜራው ራሱ ይምረጥ ተብሎ ከተተወ መጋረጃውን ወይ አበባውን ይመርጣል፤ ስለዚህ ፎከሱን አንዲት ነጥብ ብቻ አድርጋ ለሌንሱ በሚቀርበው ዓይን ላይ ማሳረፍ ለመደች። ጨለማ ውስጥ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲያነሳ የእጇም የሰውም ንቅናቄ አብሮ ይገባል፤ ፍጥነቱን ከፍ አድርጋ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ቢመስል ትመርጣለች። አሸዋውን ሰው ያልፈዋል፤ የደበዘዘ ዓይን ግን በምንም አይመለስም። ይህን ሁሉ ስትለፋ በልቧ አንድ ነገር ነበር፤ ፎቶው ከእጇ ሲወጣ ያለቀለት ይሁን፣ ማንም «ላስተካክለው» ብሎ እጁን አያስገባበት።

ወደ አዘዞ የሄዱት በኮንትራት ባጃጅ ነው፤ የአጎታቸው አዲሱ ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ዐብዱልከሪም ከሹፌሩ ኋላ ጥግ ይዟል፣ ሚስቱ ረውዳ መሃል፣ መርዋ የካሜራ ቦርሳዋን አቅፋ በሌላው ጥግ። ረውዳ አጎታቸው ለሰርጉ የገዟቸውን በጎች ዋጋ እያነሳች «ወላሂ ዘንድሮ በግ አይነካም» ትላለች፤ ባሏ «እም» ይላል። መርዋ ሦስቴ አራቴ አፏን ከፍታ ዘጋች። «ሰምቻለሁ» ብትለው ይቆጣል፣ ባጃጁን አስቁሞ ይመልሳት ይሆናል፤ ከተመለሰች ደግሞ ዙሌይካን የሚያነሳ የለም። ዝም ብላ የመንገዱን አቧራ እያየች ሄደች። ሲወርዱ ዐብዱልከሪም ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላትና «የዛሬውን አደራ። ሐጂ ፊት እንዳታዋርጂኝ» አላት። ዓይኗን ግን አላየም።

ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ምድር ቤት ነው። አልጋው ወጥቶ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተደርድሯል። ክፍሉ ያለው አንዲት መስኮት ብቻ ናት፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ግቢው፣ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ድንኳን ነው። ስለዚህ ከእንጨት መዝጊያው ጋር ጥርቅም ተደርጋ ተዘግታ ነበር። መርዋ ስትገባ አንድ አምፖል በርቷል፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው ድቤ እየመቱ ነው፤ ዙሌይካ መሃላቸው፣ እጇ እስከ ክርኗ ሒና ተስሎ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ወርዶ ተቀምጣለች። ገና ካሜራዋን ሳታወጣ መብራቱ ጠፋ። ድቤው ለአፍታ ቆመና ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ አንዷ የስልኳን መብራት አበራች። መርዋ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር የጀመረው። የካሜራው ፍላሽ አለ፤ ፍላሹ ግን ፊትን እንደ ኖራ ያነጣል፣ ወርቁን ያቃጥለዋል፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ያጨልመዋል።

«መስኮቱ ካልተከፈተ አይሆንም» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። የሙሽራው እናት ሐጃ ዘምዘም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው የሚከብድ ሴት፣ ከፍራሹ ላይ ብድግ አሉ። «ምነው ልጄ? ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው? ያለፈው አልበቃ ብሎሽ ነው?» አሏት። ያለፈውን ሲያነሱ ረውዳ አንገቷን ደፋች። የመርዋ ጆሮ ጋለ። የሙሽራዋን እናት ነጭ አንሶላ ለመነቻቸው። አንሶላው መጣ። ከረውዳ ጋር ሆነው ከመስኮቱ ክፈፍ ላይ በሚስማር ወጥረው ሰቀሉትና መርዋ እጇን በሥሩ አሾልካ መዝጊያውን ገፋችው። የረፋዱ ፀሐይ አንሶላው ላይ አረፈ፤ ክፍሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስል በለስላሳ ብርሃን ተሞላ። ከውጭ የወንዶቹ ድምፅ ቅርብ ሆኖ ይሰማል፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። ሐጃ ዘምዘም ወደ አንሶላው ተጠግተው በጥርጣሬ ተመለከቱ፤ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ተቀመጡ።

ዙሌይካን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጎኗን ለብርሃኑ አስያዘቻት። ራሷ ጀርባዋን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጣበቀች፣ ክርኖቿን ጎኗ ላይ ሰበሰበች፣ ትንፋሿን አውጥታ የፎከሱን ነጥብ የሙሽራዋ ግራ ዓይን ላይ አሳረፈች። አነሳች። በትንሿ ስክሪን ላይ አጉልታ አየችው፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ተለይቷል፣ በዓይኗ ብሌን ውስጥ ነጩ አንሶላ እንደ ትንሽ በር ቆሟል። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ፤ እህትማማቾች፣ ድቤ መቺዎቹ፣ ረውዳ የፈታችውን ፀጉሯን ወደ ፊት ጥላ። «ከዚህ መስመር እንዳትወጡ፣ አንዳችሁ ወደ ኋላ አንዳችሁ ወደ ፊት ከሆናችሁ አንዷ ትደበዝዛለች» እያለች በአንድ ረድፍ አቆመቻቸው፤ ሲጨፍሩም ዞር ሲሉ ለቅጽበት የሚረጉበትን ጠብቃ አነሳች። ዙሌይካ በመሃል ጆሮዋ ሥር ተጠግታ «ከአንቺ ጋር ነው አይደል የሚቀረው?» አለቻት። መርዋ ሌንሱን አጎንብሳ ማጥራት ጀመረች። «ፀጉርሽን ትንሽ ወደዚህ» አለቻት ብቻ።

ሐጃ ዘምዘም መጨረሻ ላይ መጡ። ፎቶ አልወድም ሲሉ ቆይተው፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያልቅ፣ ብርሃኑ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሳይጠሩ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈቱት፤ ፀጉራቸው ሳስቷል፣ ግማሹ ሸብቷል። አልሳቁም። መርዋ ሁለት ጊዜ አነሳቻቸውና ካሜራውን ወስዳ አሳየቻቸው። ሴትየዋ ስክሪኑን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር፣ አገጫቸው ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ፣ ሁሉም አለ። «እናቴን ነው የምመስለው» አሉ በቀስታ። «መልኳ ጠፍቶኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ካሜራውን መለሱላትና ሻሻቸውን እያሰሩ «ሸጋ ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ኒካሁ ታስሮ ሰው ምሳ በልቶ ሲጨርስ የመርዋ ስልክ ጠራ። «ካሜራውን ይዘሽ ኮሪደሩ ላይ ነይ» አለ ዐብዱልከሪም። እምቢ ብትል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሟ ቃሉን ያጠፈ ሰው ይሆናል፤ ሐጂም መጋዘናቸውን ሊዘጉበት ይችላሉ፤ በዚያ ሱቅ ገቢ የምትኖረው ደግሞ እሷም ናት። ብትሰጥ እዚህ የተቀመጡትን ሴቶች ዳግመኛ ዓይናቸውን ማየት አትችልም። ካርዱን ከካሜራው አወጣችና ዙሌይካ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው። «ምንድነው? ምነው?» አለች ሙሽራዋ። «ያዥው ብቻ። ለማንም አትስጪ፣ ለእኔም ቢሆን።» ዙሌይካ ፊቷን አይታ አልጠየቀችም፤ ጣቶቿን አጠፈች። መርዋ ሻሿን አስተካክላ፣ ባዶውን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። የምትለውን ገና አላወቀችም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሐጂ ዐብደላ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ዐብዱልከሪም በቀኛቸው፣ ወንዶቹን ሲያነሳ የዋለው ሰውአገኝ በግራቸው፤ ወደ ግቢው በሚያወጣው በር ላይ ደግሞ የሙሽራው ጓደኞች ተደግፈው ያያሉ። ሰውአገኝ በትሕትና ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ደከመሽ እህቴ? ካርዱን ልያዝልሽ።»

መርዋ ወንድሟን አየችው። ዐብዱልከሪም ወለሉን ያይ ነበር፤ ላቡ ከሸሚዙ አንገትጌ በላይ ያበራል። እንዲያ ሲፈራ አይታው አታውቅም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መብራት ጠፍቶ ነበር። ምንም አልወጣም። ሁሉም ደብዝዟል።»

በሩ ላይ ካሉት ወጣቶች አንዱ ሳቀ። ሐጂ ዐብደላ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «እንደገና?»

«እንደገና» አለች መርዋ።

«ግድ የለም፣ በኮምፒዩተር የማደርገውን አደርጋለሁ» አለ ሰውአገኝ። «እስቲ ስጪኝ።»

«ጋሼ ሰውአገኝ፣ አንተ ነህ የነገርከኝ» አለችው። «ሲነሳ ዓይኑ ያልጠራ ፎቶ በኋላ ይጠራል?»

ሰውዬው አመነታ። ሐጂ ወደ እሱ ዞሩ። «እሱማ… የጨለመ ይፈካል፣ ቀለሙ ይስተካከላል» አለ ሰውአገኝ። «ከመነሻው የደበዘዘን ግን የሚያጠራ የለም። ውሸት ምን ያደርጋል?» ከዚያ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ወደ ካሜራው ጠጋ አለና ካርዱ ያለበትን ክዳን በጣቱ አመለከተ። «ቢሆንም አንድ ሁለት የተረፈ አይጠፋም። ልየው።»

መርዋ ካሜራውን በሁለት እጇ ያዘች። ክዳኑ ከተከፈተ ባዶነቱ ይታያል፤ ውሸቷም፣ እምቢታዋም አንድ ላይ ይወጣሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጀርባዋ የሴቶቹን ክፍል በር ነካ። በሩ ከኋላዋ ተከፈተ። ሐጃ ዘምዘም ነበሩ። ምን ያህል እንደሰሙ ከፊታቸው አይታወቅም። መርዋን፣ ቀጥሎ የሰውአገኝን የተዘረጋ እጅ፣ ቀጥሎ ባላቸውን ተራ በተራ አዩ። መርዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔ አይቸዋለሁ» አሉ ሐጃ። «እናንተ የምታዩት የለም። ተዉት።»

ሐጂ ዐብደላ ሚስታቸው ያንን ድምፅ ሲያወጡ እንደማይመልሱላቸው ሰው ሁሉ ያውቃል። ወደ መርዋ ዞረው «ሁለተኛ ካሜራ ይዘሽ የእኔ ቤተሰብ ሰርግ ላይ እንዳላይሽ» አሉ፤ ለዐብዱልከሪም አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ወደ ድንኳኑ ወጡ። በሩ ላይ የነበሩት ወጣቶች መንገድ ለቀቁላቸውና የሆነውን ለሌሎቹ ለመንገር ተከተሏቸው። ፀሐይ ሳይገባ፣ የአጎቷ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የዐብዱልከሪም እህት ዛሬም ሰርግ እንዳበላሸች አወቀ። ሙሽሪት ተሸፋፍና ስትወጣ መርዋ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር። አንዲት የማታውቃት ሴትዮ ለጎረቤቷ «ይችው ናት» ስትል ሰማቻት። ሠርታ የማታውቀውን ያህል ሸጋ ሥራ በሠራችበት ቀን ነው ይህን የሰማችው። ዙሌይካ መኪናው ውስጥ ስትገባ አንድ እጇ ብቻ ነበር የተዘረጋው፤ ሌላው እንደተጨበጠ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገብታ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር። ዐብዱልከሪም ሰግዶ ሲመለስ ረውዳ ከሰርጉ የታሰረላቸውን ምግብ አቅርባ ጠበቀችው። ሦስቱም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። እሱ ሁለት ጊዜ ጎረሰና አቆመ። ካሜራው ከጎኑ ሶፋው ላይ ነበር፤ ማንጠልጠያውን ይዞ ወደ ራሱ ሳበው።

«ነገ እሸጠዋለሁ» አለ። «ለማይችል ሰው ምን ይሠራል? በሰው ፊት ሁለቴ አዋረድሽኝ። በአንቺ ላይ ስንት ተስፋ…» አልጨረሰውም። መርዋ ዓይኗን ትሪው ላይ ተከለች። ብትነግረው ዳግመኛ ካርዱን ይጠይቃታል ብላ ፈራች፤ ባትነግረው ደግሞ ካሜራው ይሄዳል።

ረውዳ እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ አደረቀችው። ከዚያ ከባሏ እጅ ላይ ካሜራውን፣ ሕፃን እንደሚወሰድ አድርጋ ወሰደችና መርዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አትሸጠውም» አለች።

«ምነው?»

«እኔንም አንስታኛለች። አይቸዋለሁ፤ ሽፋሽፍቴ ይቆጠራል።»

ዐብዱልከሪም ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ። ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ፈጀ። «ደብዝዟል አላለችም እንዴ?»

«ብላለች፤ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻታለሁ» አለች ረውዳ። «እዚያ ካርድ ላይ ሻሼን አውልቄ፣ ፀጉሬን ፈትቼ እጨፍራለሁ። ለማን ልትሰጠው እንደነበር ታውቅ ነበር?»

ዐብዱልከሪም ግድግዳውን፣ ትሪውን፣ እጁን አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ። መርዋ ሊጮህ ነው ብላ ካሜራዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እሱ ግን ውሃ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን መለሰ። «ካርዱ የት ነው?» አለ።

«ዙሌይካ ጋ» አለች መርዋ። «ይዛው ሄዳለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ትሪውን ወደ እህቱ ገፋ አድርጎ «ብዪ፣ ቀኑን ሙሉ አልበላሽም» አላት። እሷ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እስክታነሳ ጠብቆ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ እንዲህ አለ፦

«ነገ ሱቅ መጥተው ሐጂ ቢጠይቁኝ፣ ደብዝዟል ነው የምላቸው።»